ፍየሉ ተከተበ፤ ጠባቂው ውሻስ?

ዛሬ ስለ መኖ አልጽፍም፣ ስለ ዝናብም አልጽፍም። ስለ ውሻ ነው የምጽፈው። ርዕሱን አይቶ «ይሄ ሰውዬ ሥራ ፈታ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ በኋላ ስደቡኝ።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ አፉ አልገጥም ያለ ውሻ ነው። ከጭፍራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ፍየል እየከተብን ነበር፤ የደስታ መሰል ክትባት። ፀሐይ ሳትከር ለመጨረስ ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ልጆቹ ከእሾህ በረቱ ውስጥ ፍየሎቹን በቀንድና በጆሮ እየጎተቱ ያመጣሉ፣ እኛ እንወጋለን፣ አንዱ በቀለም ምልክት ያደርጋል። ግራሩ ሥር አንድ ቡናማ ውሻ ተጋድሟል። አገጩ ወርዶ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና እንኳ አይልም። የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው ሐጂ፣ ጠሩኝ፦

«ዶክተር፣ ውሻዬ አጥንት ተሰንቅሮበታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይበላም፣ ውሃም አይጠጣም። ልጁ እጁን ከትቶ ፈለገለት፣ የለም። እስቲ አንተ እየው።»

(እዚህ መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። «ሐጂ፣ እኔ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም» ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። አይሰሙኝም።)

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ወደ ውሻው መሄድ ጀምሬ ነበር። አጥንት ነው ሲሉኝ አጥንት ነው ብዬ አመንኩ። ክንዴን ይዞ ያስቆመኝ አብሮን የነበረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጥንት አይደለም» አለኝ። «መንጋጋው ሽባ ሆኗል። የእብድ ውሻ በሽታ ነው።»

ሁላችንም እብድ ውሻ ሲባል የሚታየን አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን የሚናከስ ነው። እንደዚያ የሚሆን አለ። ግን ጥግ ይዞ፣ ዝም ብሎ፣ መንጋጋውና ጉሮሮው ሽባ ሆኖ የሚሞትም አለ። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው ያዝንለታል። አፉን ይከፍትለታል፣ ውሃ ሊግተው ይሞክራል። በለሃጩ ውስጥ ያለው ቫይረስ ደግሞ ለመግባት ትልቅ ንክሻ አያስፈልገውም፣ እጅ ላይ ያለች ጭረት ትበቃዋለች። የሐጂ ልጅ የአሥራ አንድ ዓመት እረኛ ነው። እጁ እንደማንኛውም እረኛ እጅ በእሾህ የተቧጨረ ነው።

ልጁን እዚያው በሳሙናና በውሃ ደጋግመን አጠብነው። በዚያው ቀን መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል ሄደ፣ ክትባቱን ጀመረ፣ በቀጠሮው እየተመላለሰ ጨረሰ። ዛሬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፍየሉን ይጠብቃል። ውሻው በሦስተኛው ቀን ሞተ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ጠዋት መንደሩ ውስጥ የነበረውን ፍየል አንድ ሳናስቀር ከትበናል። ውሾቹ ስንት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅንም። ሳጥናችን ውስጥ ለእነሱ የተያዘ አንድ ብልቃጥ አልነበረም። ስንት ዓመት እንደዚያ እየተመላለስን!

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ውሻ ከቤት እንስሶቻችን አንዱ ነው፤ እንደ እነሱ ይቆጠር፣ እንደ እነሱም ይያዝ። አሁን ግን አይቆጠርም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ ሲያወጣ የኖረውን የእንስሳት ናሙና ጥናት ገልጣችሁ እዩ። ከብት አለ፣ በግና ፍየል አለ፣ ግመል፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ዶሮ አለ። የንብ ቀፎ ሳይቀር ይቆጠራል። ውሻ የለም። ያልተቆጠረ ነገር በዕቅድ አይገባም፣ በዕቅድ ያልገባ መድኃኒት አይገዛለትም። እኛም ቅጹ ላይ ስለሌለ አንጠይቅም። አርብቶ አደሩም «ሀብትህ ስንት ነው?» ሲባል ውሻውን አይጠራም። ለነገሩ ፍየሉንም ቢሆን በትክክል አይነግረንም፣ እሱን ተዉት።

ውሻው ሲጠብቅ የሁሉም ነው፤ ሰው ሲነክስ ደግሞ «የኔ አይደለም» ይባላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ሽማግሌዎችም ቢሆኑ የሚፈርዱት ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

እስቲ ደግሞ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። በጭፍራ ዙሪያ ሌሊት በእሾህ አጥር ውስጥ ያደረ ፍየል ከጅብ ጋር የሚለየው እሾህ ብቻ ነው። ጅቡ ቀዳዳ ሲፈልግ ቀድሞ የሚሰማው ማነው? ቀን በግጦሽ ላይ ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ ሲያደባ የሚያባርረውስ? አንድ ግልገል ጭፍራ ገበያ ወርዳ ስንት እንደምትሸጥ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ውሻው በዓመት ሦስት አራት ግልገል ካስጣለ ደመወዙን ከፍሏል። ደመወዝ ያልኩት የተረፈ የበቆሎ ቂጣና የእርድ ቀን አንጀት ነው። አንጀቱን ደግሞ ባትሰጡት ይሻላል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በሃይማኖት በኩል የሚነሳውን አልሸሽም፣ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁና። «ውሻ መንካት ነጃሳ ነው፣ እንዴት እጠበው፣ እከመው ትለናለህ?» ይሉኛል። ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ እሱን ሸኾቹን ጠይቁ። እኔ ከሸኾች የሰማሁት ለመንጋ ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ ውሻ ማሳደር የተፈቀደ መሆኑን ነው። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና በዚያ ስለተማረው ሰውም የሚነገረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የውሻው ለሃጭ የነካው ዕቃ ደጋግሞ ይታጠብ የሚለው ትእዛዝም ለእኔ ሙያ እንቅፋት አይደለም፣ እንዲያውም አጋዥ ነው። የውሻ ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ የነካ እጅ ይታጠብ፤ እኛም የምንለው ይሄንኑ ነው።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ከውሃ እንጀምር። ውሻ እንደ እኛ በሰውነቱ ላብ ሙቀት አያወጣም፣ የሚበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ሲያለከልክ ደግሞ ውሃ ከሰውነቱ ይወጣል። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ በደህና ቀን አንድ ሊትር ያህል ይፈልጋል። በእኛ የሰኔ ፀሐይ ከፍየል ኋላ ሲሮጥ ለዋለ ውሻ እጥፉ ቢሆን አይበዛም። የተቆረጠ የጀሪካን ቂጥ ጥላ ውስጥ አስቀምጡለት፣ ያ የእሱ ብቻ ይሁን። ቀን የምታስሩት ከሆነ ጥላው ከሰዓት በኋላ ወደ የት እንደሚዞር አስቡ። ጠዋት ጥላ ሥር የታሰረ ውሻ ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። አይቻለሁ።

ማበጠር፣ ማጠብ የሚባለው ላይ ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ከቴሌቪዥን ያዩት ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ጠጉሩ ረዥም የሆነ የፈረንጅ ውሻ ያለው ሰው በየቀኑ ቢያበጥረው ልክ ነው፣ አለበለዚያ ጠጉሩ ይቋጠራል። የእኛ ውሻ ጠጉሩ አጭር ነው፣ ማበጠሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው እጅ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ማታ ፍየሉ ሲገባ፣ መዳፋችሁን ከጭራው ወደ አንገቱ፣ ጠጉሩን ወደ ኋላ እየገፋችሁ አሳልፉ። መዥገር፣ ቁስል፣ እባጭ፣ እሾህ ካለ እጃችሁ ያገኘዋል። መዥገሩ የሚወደው የተሸሸገ ቦታ ነው፦ ጆሮ ውስጥ፣ በእግር ጣቶች መካከል፣ ብብት ሥር፣ ጭራ ሥር፣ ከአንገት ገመዱ በታች። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በጣት አታፍርጡት፣ እሳት ውስጥ ጣሉት፤ ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እጄን አላስነካም የሚል ሰው የፕላስቲክ ከረጢት እጁ ላይ ይሰር።

ናፍጣና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን ይቅርባችሁ። እከክ የያዘው ውሻ ላይ ከጋራዥ የመጣ ጥቁር ዘይት ቀብተው «ዳነ» የሚሉ አሉ። ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ እየላሰ ወደ ሆዱ ያስገባዋል። ለግመል የተበጠበጠውን የመዥገር መድኃኒትም እንዳለ አትድፉበት፣ ልኩ ለእሱ ሌላ ነው። ለፍየል የሚወጋው አይቨርሜክቲንም እንደዚሁ፤ ሳይመዘን በግምት የተወጋ ውሻ ሊሞት ይችላል። እከክ ካየችሁበት፣ ማለትም የጆሮው ጫፍና የክርኑ ጠጉር ረግፎ ቆዳው ከወፈረ፣ ለባለሙያ አሳዩት። እሱ እከክ ልጆቹንም ያሳክካል።

ገላውን መቼ ልጠበው ለምትሉ፣ ሲሸትና ሲቆሽሽ ነው፤ በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ይበቃዋል። ሰው የሚጠጣው ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ቦታ ውሻ በየሳምንቱ እጠቡ አልልም። ስታጥቡት የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፣ ቆዳውን ያደርቀዋል። ተራ የገላ ሳሙና ይበቃል፣ በደንብ ይለቅለቅ።

ጥፍሩን ድንጋዩ ራሱ ይሞርደዋል፣ አታስቡ። አንዷን ግን እዩለት፤ በፊት እግሩ ውስጠኛ በኩል ከፍ ብላ ያለችውን፣ መሬት የማትነካውን። እሷ ስለማታልቅ ተጠቅልላ ሥጋው ውስጥ ትገባለች። ጫፏን ብቻ ቁረጡ፣ ውስጧ ደም ሥር አለ። የሚያነክስ ውሻ ካለ ደግሞ መዳፉ ሥር የተሰበረ የግራር እሾህ ፈልጉ። ለቁስል አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ጨምሩበትና ሲቀዘቅዝ በእሱ እጠቡት። ጨው እንደሆነ በአፋር አይጠፋም።

የአንገት ገመድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዓይኔ ያየሁት ነው። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ገመድ ሳይፈታ አድጎ ሥጋው ውስጥ የሰመጠበት፣ ትል የወደቀበት ውሻ ገጥሞኛል። ባለቤቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጠጉሩ ስለሸፈነው፣ ማንም እጁን ስለማያሳልፍበት ነው። በገመዱና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። በየወሩ ሞክሩት።

የቡችላ ጆሮ መቁረጥ ደግሞ በግልጽ እቃወመዋለሁ። «ጆሮው ሲቆረጥ ጀግና ይሆናል፣ ጅብ የሚይዘው ያጣል» ይባላል። ውሻ ጀግና የሚሆነው ከግልገሎቹ ጋር ሲያድግና ሲጠግብ ነው። የተቆረጠ ጆሮ የሚያመጣው ቁስል፣ ዝንብና ትል ነው። ጆሮው የሚሰማበት ዕቃው ነው፤ እኛ ደግሞ ውሻ የምናሳድረው እንዲሰማልን ነው።

አሁን ወደ አንጀቱ ልመለስ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል የምመርጠው ይሄን ነው፣ ኪሳችሁ ውስጥ የሚገባ ጉዳይ ስለሆነ። አንዲት ፍየል ወይም በግ ወደ አንድ ጎን ብቻ ስትዞር፣ ራሷን አዘንብላ ስትሽከረከር፣ አንድ ዓይኗ ሳያይ ከዛፍ ጋር ስትጋጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ደጋ ያሉት አዙሪት ይሉታል። መሽከርከር ሌላም መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ያለችውን አርዳችሁ ጭንቅላቷን ብትፈልጡ አንጎሏ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታገኛላችሁ። ያ ከረጢት የውሻ የኮሶ ትል ልጅ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው። ውሻው የታመመችውን ፍየል ጭንቅላት ይበላል፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ጤነኛዋ ፍየል ሣሩን ትግጣለች፣ ከወራት በኋላ እሷም ትዞራለች። ወራት ስለሚፈጅ ማንም ከውሻው ጋር አያያይዘውም። «ሰው ዓይን ነው» ይባላል፣ ሌላም ሌላም ይባላል። ጭንቅላቱን ወርውራችሁ የሰጣችሁት እናንተው ናችሁ።

በጉበትና በሳንባ ላይ የምታዩት ውሃ የቋጠረ እባጭም የዚሁ ዘመድ ነው። የእሱ ትል ውሻ ሆድ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፣ ውሻውንም ብዙ አያመውም። እንቁላሉ ግን ወደ ሰው ይተላለፋል። ውሻ የነካ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ላይ ያው እባጭ ይገኝበታል፣ ማውጣቱም በቀዶ ሕክምና ነው።

እናስ? እባጭ ያለበትን ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት ለውሻ አትስጡ። አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፣ ድንጋይ ጫኑበት። የሞተ እንስሳ ሜዳ ላይ አይተው። ይሄ በድርቅ ጊዜ ከባድ ነው፤ ሬሳው ሲበዛ ማን ይቀብረዋል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጭፍራ ደርሶ ሰው ሲሸሽም ቤቱ የቀረው ውሻ ያገኘውን እየበላ ነው የቆየው። ያንን ለመውቀስ አልጽፍም። በደህናው ጊዜ ግን የታረደ ፍየል ጭንቅላት መቅበር አያቅተንም። ለውሻው ሥጋ ማብላት የፈለገ ይቀቅልለት፤ አጥንት ግን ተቀቅሎ የተሰበረ አይሁን፣ ጉሮሮ ይወጋል።

ለእነዚህ የኮሶ ትሎች የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው። ለፍየል የምንሰጠው አልቤንዳዞል እዚህ ላይ አያስተማምንም። ልኩ በክብደት ስለሆነ ባለሙያው ይስጠው። በየስድስት ሳምንቱ ቢሆን ደህና ነበር፤ ካልተቻለ በየሦስት ወሩ። ከሰጣችሁት በኋላ ውሻውን ሁለት ቀን እሰሩትና የጣለውን ዓይነ ምድር አቃጥሉ፣ እንቁላሉ ውስጡ አለና።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ሐጂ ቤት የሆነውን ነግሬያችኋለሁ፤ የቀረውን ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል። ወደ ሰው ከሚደርሰው 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ መድኃኒት የለውም። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ፓስተር ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ጆሴፍ ማይስተርን በፈረንጆች 1885 ከትቦ ካዳነው ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። ድሮ እኛ አገር ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጋ መርፌ ነበር፣ ሰው ያንን እየፈራ ይሸሽ ነበር። አሁን ያለው አዲሱ ዓይነት ክንድ ላይ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ነው።

የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረዥም ነው፣ እየቆጠራችሁ እጠቡ። በርበሬ፣ አመድ፣ ቅጠል አይነስነስበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ነካሹን ውሻ ለመግደል አትቸኩሉ፤ ማሰር የሚቻል ከሆነ አስራችሁ አሥር ቀን ጠብቁት። አሥር ቀን በጤና ካለፈው ሲነክስ ቫይረሱ በለሃጩ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ግን እሱን አይጠብቅም፣ ክትባቱን ይጀምር። በእብድ ውሻ የተነከሰች ፍየል ወይም ግመል አትታረድ፣ ወተቷም አይጠጣ። ይሄን ስል «አንድ ግመል ሙሉ ልጣል?» የሚለኝ አለ። አዎ።

ከተማ ላይ የሚደረገው ውሻን በመርዝ መግደል መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ሰሞን ውሻው ይቀንሳል፣ ቆሻሻውና ሥጋው እዚያው ስላለ ሌላው ከዳር ይገባል፤ ያ አዲሱ ደግሞ ያልተከተበ ነው። የተመረዘውን ሬሳ የበላ አሞራና የሰው ጠባቂ ውሻም አብሮ ያልቃል። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ከአሥር ውሻ ሰባቱ በየዓመቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፣ ሦስቱም ባይከተቡ ይጠበቃሉ። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ በ1996 ዓ.ም. በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። እዚያ ያሉ የጥበቃ ሰዎች የአርብቶ አደሩን ውሾች በየጊዜው የሚከትቡት ለዚህ ነው። ለቀበሮ ተብሎ የአርብቶ አደር ውሻ ከተከተበ፣ ለልጅ ተብሎ ጭፍራ ላይ የማይከተብበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለራሳችን ቢሮዎችም አንድ ቃል አለኝ። የፍየል ክትባት ይዘን በረሃ ስንወርድ መኪናው አለ፣ ነዳጁ አለ፣ የበረዶ ሳጥኑ አለ፣ መርፌ የሚወጋው ሰው አለ። የውሻውም ክትባት እንደ ፍየሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በአንድ ሳጥን ሁለቱን መያዝ ይቻላል። የጎደለው ዕቅዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። እስካሁን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «የውሻ ነገር የጤናዎች ነው» የሚል ነው። ጤናዎቹ ጋ ስሄድ «የእንስሳት ነገር የእናንተ ነው»። ውሻው መሐል ላይ ቆሟል።

ከእናንተ የምጠብቀው ቀላል ነው። እኛ ስንመጣ ውሻው እንደሚሸሽ፣ እኔን አይቶ እንደሚያጉረመርም ታውቃላችሁ፤ የሚይዘው የሚያውቀው ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መከተቢያ ቀኑ ሲነገር ሦስት ወር የሞላቸውን ሁሉ በማለዳ እሰሯቸው፣ ሴቶቹንም ጭምር። (ሴት ቡችላ ገበያ ዳር መጣል ይቅር፤ የምንፈራው የከተማ ውሻ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?) የሚናከሰውን አፉን በጨርቅ እሰሩት። «ክትባት ውሻን ያሰንፋል» የሚለውን አትስሙ፣ ፍየሉ ተከትቦ ሰነፈ? ዳጉ ስትለዋወጡም፣ ከየትኛው መንደር ዝናብ ጣለ፣ የማን ግመል ወለደች ስትባባሉ፣ የት አካባቢ አፉ የማይገጥም ወይም የሚናከስ ውሻ እንደታየ ጨምሩበት። ያ ወሬ ከእኛ ሪፖርት በፊት ይደርሳል።

ሐጂ ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር። አዲስ ቡችላ አስገብተዋል፣ ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል። «ዶክተር፣ ጆሮውን ልቁረጠው ወይስ አንተ ትቆጣለህ?» አሉኝ። እቆጣለሁ አልኳቸው። ክትባቱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ እመጣለሁ ብያለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የታመመ ውሻ ከሆነ ግን ፎቶውን ከሩቅ አንሱት።